በሲግናል ቤት የተማርኩት ርክክብ



ዛሬ ስለ ባቡር ልጽፍላችሁ ነው። «ሲስተር ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትጽፈው ጠፋት እንዴ?» እንዳትሉኝ እንጂ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው መድኃኒት መደርደሪያችሁ ላይ ነው። እስከዚያው ታገሡኝ።

ባለፈው ሐምሌ ልጄን ልጠይቅ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ሄጄ ነበር። ልጄ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት በፈረቃ ትሠራለች፤ ባሏም ሌሊት ሌሊት ነው ሥራው። እኔ ከሄድኩ ወዲህ ማታ ማታ የልጅ ልጄን የምይዘው እኔ ሆንኩ። አራት ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ሌሊት አተኮሰው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰውነቱ ቢግልብኝ የፓራሲታሞል ሽሮፑን በልኩ ቀድቼ ሰጠሁት።

አንድ ሰዓት ላይ ልጄ ከሥራ ገባች። እኔ እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ እሷ ጫማዋን እያወለቀች በሩ ላይ ተላለፍን። «እንዴት አደረ እማዬ?» አለችኝ። «ትንሽ አተኩሶት ነበር፤ ሰጥቼዋለሁ» አልኳትና ገብቼ ተኛሁ።

ችግሩ ያለው «ሰጥቼዋለሁ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ልጄ ማታ ስትወጣ «ሾርባውን እንቢ ብሏል፤ ሲነቃ ሞክሪለት» ብላኝ ሄዳ ነበር። እኔ መድኃኒቱን ስል እሷ የሰማችው ሾርባውን ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግንባሩን ዳሰሰችና ትኩስ ሲሆንባት ከዚያው ጠርሙስ ደግማ ሰጠችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ስነሳ ጠርሙሱ ከቦታው ተነሥቶ የልጁ አልጋ አጠገብ ተቀምጧል። «ማን ነካው?» አልኩ። «እኔ ነኛ፤ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ» አለች። እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ። ወዲያው የጤና ምክር የሚሰጥበት ስልክ ደወልን። ክብደቱን፣ መጠኑን፣ የሰጠንበትን ሰዓት አንድ በአንድ ጠየቁን። ለኪሎው ሲያሰሉት አደጋ ላይ የሚጥል አልሆነም፤ ለሚቀጥሉት ሰዓታት ምንም እንዳንሰጠው፣ እንድንከታተለው ነገሩን። ልጁ ምንም ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ኳስ ይለጋ ነበር።

የተጎዳነው እኛ ነን። ልጄ «ምነው እማዬ፣ በግልጽ ብትነግሪኝ!» አለች። እኔም «ምነው አንቺስ ብትጠይቂኝ!» አልኳት። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት የሠራሁ ሴትዮ በገዛ ልጄ ቤት፣ በገዛ የልጅ ልጄ ላይ! ከዚያ በኋላ ለቀናት ከእግዜር ሰላምታ በቀር ብዙም አልተነጋገርንም።

የልጁ ልደት ሲደርስ አማቼ ነገሩ ገብቶት ይሁን አይሁን እንጃ፣ «ሁላችንም በአሮጌው ባቡር እንሂድ» አለ። ከበርሚንግሃም ብዙ ሳይርቅ ኪደርሚንስተር የምትባል ከተማ አለች። ከዚያ ተነሥቶ 26 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ በእንፋሎት የሚሠራ የጥንት ባቡር አለ፤ የሰቨርን ሸለቆ ባቡር ይሉታል። መስመሩ የተከፈተው በ1862 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1963 የመንገደኛ አገልግሎቱ ሲቋረጥ ባቡር የሚወዱ ሰዎች በ1965 ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጡ። በ1970 የመጀመሪያውን ቁራጭ፣ በ1974 ቢውድሊ የምትባለውን ጣቢያ፣ በ1984 ደግሞ ኪደርሚንስተርን መልሰው አገናኙ። ዛሬም አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው፤ ብዙዎቹም እንደ እኔ ጡረተኞች ናቸው።

ቢውድሊ ስንደርስ ከጣቢያው ጫፍ ከፍ ብላ የተሠራች፣ ዙሪያዋን መስኮት የሆነች ክፍል አየን። የሲግናል ቤት ናት። ቢውድሊ በሰሜንና በደቡብ ጫፏ ሁለት እንዲህ ያሉ ቤቶች አሏት፤ ሁለቱም የ1878 ሥራዎች ናቸው። የአማቼ የሥራ ባልደረባ አጎት በሰሜኑ ቤት ተረኛ ስለነበሩ ወጥተን እንድናይ ፈቀዱልን። ደረጃው ላይ «ጫማችሁን ጥረጉ» አሉን። ገብቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል። የቀዶ ጥገና ክፍል የገባሁ መሰለኝ።

በክፍሉ መሐል ረጃጅም የብረት ዘንጎች ተደርድረዋል። ቀይ የተቀቡት ባቡር የሚያስቆመውን ምልክት፣ ቢጫዎቹ ከሩቅ የሚያስጠነቅቀውን፣ ጥቁሮቹ ሐዲድ የሚቀይረውን ያንቀሳቅሳሉ። ሰማያዊዎቹ መቆለፊያ ናቸው። ነጮቹ ሥራ የሌላቸው ናቸው። ዘንጉ ሲሳብ ምልክቶቹ በሽቦ፣ የሐዲዱ መቀየሪያ ደግሞ በብረት ዘንግ ይጎተታል። አዛውንቱ ዘንጉን በባዶ እጃቸው አይነኩም፤ ሁልጊዜ በጨርቅ ነው። «የእጅ ላብ ብረቱን ያዝጋል» አሉኝ። ያቺ ጨርቅ ከትከሻቸው አትወርድም፤ ልክ እንደ እናቶቻችን የወጥ ቤት ጨርቅ።

የልጅ ልጄ አንዱን ዘንግ ለመሳብ ሲታገል ዘንጉ ንቅንቅ አልል አለ። አዛውንቱ ሳቁና «አንተ ሰንፈህ አይደለም፤ እኔም ብስበው አይንቀሳቀስም» አሉት። ከወለሉ በታች ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈዋል። ሐዲዱ በትክክል ካልተቀየረ ምልክቱ «እለፍ» አይልም፤ አንዱ ባቡር ከተፈቀደለት እሱን የሚያጋጨው ሌላው አይፈቀድለትም። ጆን ሳክስቢ የሚባል እንግሊዛዊ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የፈጠራ መብት ያገኘው በ1856 ነው። ሰው ቢሳሳት እንኳ ብረቱ እንቢ እንዲል ነው የተሠራው።

እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሰዓቱ ሥር በተዘረጋው ትልቅ መዝገብ ላይ ነው። እያንዳንዱ ባቡር መቼ እንደተጠየቀለት፣ መቼ እንደተፈቀደለት፣ መቼ እንዳለፈ እስከ ደቂቃው ይጻፍበታል። ከአጠገቡ ደወል አለ። በዚያ ደወል ነው ከሚቀጥለው ቤት ጋር የሚነጋገሩት። አንድ ምት «ስማኝ» ነው። ሁለት ምት «ባቡሩ ወደ አንተ ገብቷል» ማለት ነው። ስድስት ምት ከተመታ «አደጋ አለ፤ መንገዱ ተዘግቷል» ነው። በዚያ ወገን ያለው ሰው የሰማውን ያህል መልሶ ይመታል፤ ካልመለሰ እንደሰማ አይቆጠርም። ይህንን ሲነግሩን ልጄ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ከሞት» አሉኝ አጭር አድርገው።

በመጀመሪያው ዘመን ባቡር የሚለቀቀው በግምት ነበር። አንዱ ከሄደ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና ሌላውን ይሰዱታል፤ የፊተኛው መንገድ ላይ ቆሞ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። በ1889 ሰኔ ወር አየርላንድ ውስጥ አርማ በምትባል ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገቱ ላይ አቃተው። ከሁለት ቆርጠው የፊተኛውን ሊያወጡ ሲሞክሩ የኋለኞቹ ፉርጎዎች ወደ ኋላ ተንሸራተው በደቂቃዎች ልዩነት ከተለቀቀው ባቡር ጋር ተጋጩ። ሰማንያ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ። የፊተኛው ክልሉን መልቀቁ ሳይረጋገጥ ሌላ መንገደኛ ባቡር እንዳይገባ፣ ዘንጎቹ እንዲቆላለፉ፣ ፍሬኑም ባቡሩ ሲቆረጥ በራሱ እንዲይዝ ግዴታ ሆነ።

ከቢውድሊ ወደ ሰሜን የሚሄደው መስመር ነጠላ ሐዲድ ነው፤ እንደ እኛው እንደ ድሬዳዋው የድሮ ባቡር። በነጠላ ሐዲድ ላይ ከሁሉ የሚፈራው ፊት ለፊት መጋጨት ነው። ስለዚህ ነጂው የዚያን ክልል ቁልፍ መሰል ብረት በእጁ ሳይቀበል አይነሣም። ሁለቱ ጣቢያዎች ያላቸው ሳጥን በኤሌክትሪክ የተገናኘ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቁልፍ በላይ አይወጣም። ይህም በደም የተገዛ ነው። በ1874 ኖሪች ከተማ አጠገብ ቶርፕ በሚባል ቦታ ሁለት ባቡሮች በነጠላ ሐዲድ ላይ ተጋጭተው 25 ሰው ሞተ። መነሻው ኃላፊው ያልፈረመበት መልእክት በቴሌግራም መላኩ ነበር። ኃላፊው ገና አልወሰንኩም ብሎ ሲያስብ ቴሌግራፈኛው ታዝዣለሁ ብሎ ልኮታል። ኤድዋርድ ታየር የተባለ መሐንዲስ ከዚህ አደጋ በኋላ አስቦበት በ1878 የዚህን ዓይነቱን አሠራር አወጣ፤ የቢውድሊ ሲግናል ቤት በተሠራበት በዚያው ዓመት።

አንዱ አንድ ነገር ይላል፤ ሌላው ሌላ ነገር ይሰማል። «ሰጥቼዋለሁ!»

ይህን ሁሉ በልቤ እያሰላሰልኩ ሳለሁ አዛውንቱ ከመስኮቱ አጠገብ ከተሰቀሉት የብረት ቀለበቶች አንዱን አንሥተው ዘንግ ላይ አጠለቁት። ቀለበቱ እያለ ዘንጉ አይሳብም። «ሐዲዱ ላይ ባቡር ቆሞ ከሆነ ይህን አጠልቃለሁ። ብረሳ እንኳ እጄ ይነካዋል» አሉ። ከዚያ የነገሩኝን እዚያ አገር የባቡር ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1915 ግንቦት ወር ስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ኩዊንቲንስሂል በምትባል የሲግናል ቤት ሁለት ሠራተኞች በፈረቃ ይሠሩ ነበር። የቀኑ ተረኛ በጠዋቱ 12 ሰዓት መግባት ሲገባው ሁለቱ በምስጢር ተስማምተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘገይ ነበር፤ ሲመቸው በባቡር እየተሳፈረ ለመምጣት። አለቆቻቸው በጽሕፈቱ እንዳይነቁባቸው የሌሊቱ ተረኛ ከ12 ሰዓት በኋላ ያለውን በመዝገቡ ላይ ሳይሆን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ የቀኑ ሲገባ በራሱ እጅ ይገለብጠዋል።

በዚያ ጠዋት የቀኑ ተረኛ የመጣበት ባቡር ፈጣኑን ለማሳለፍ ተብሎ በተቃራኒው ዋና ሐዲድ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ቀለበቱ ግን አልተጠለቀም። ከቆመው ባቡር አንድ ሠራተኛ እንደ ደንቡ ወደ ቤቱ መጥቶ መዝገቡ ላይ ፈረመ፤ ቀለበቱ መጠለቁን ግን ሳያይ ተመለሰ። የቀኑ ተረኛ አቀርቅሮ ከቁራጩ ወረቀት ይገለብጣል፤ ቤቱ ውስጥ ስለ ጦርነቱ ወሬ አለ። በዚህ መሐል ወታደር የጫነ ባቡር መምጣቱ ተነገረው። ራሱ ተሳፍሮበት የመጣውን፣ በመስኮቱ ፊት የቆመውን ባቡር ረስቶ «ይለፍ» አለ። 12 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ላይ ተጋጩ። አፍታም ሳይቆይ ፈጣኑ ባቡር ከሌላው ወገን መጥቶ ፍርስራሹ ላይ ወጣ። ፉርጎዎቹ እንጨት፣ መብራታቸውም ጋዝ ስለነበር እሳት ተነሣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ወደ ጦር ግንባር የሚጓዙ ወጣት ወታደሮች ነበሩ። ሁለቱም ሠራተኞች ታሰሩ።

ሰው ሲሰማው «እንዴት የመጣበትን ባቡር ይረሳል?» ይላል። እኔ ግን አልፈረድኩበትም። ለምን መሰላችሁ? እኔም ቁራጭ ወረቀት ነበረኛ!

ወጣት ነርስ ሳለሁ የሌሊት ተረኛ ስሆን፣ አርባ አልጋ ለሁለት ስንይዝ፣ የሰጠነውን መድኃኒት በየሕመምተኛው ካርድ ላይ በሰዓቱ አንጽፍም ነበር። በሽርጣችን ኪስ ቁራጭ ወረቀት ይዘን በዚያ ላይ እንጭርና ሲነጋ ወደ ካርዱ እንገለብጣለን። «ያልተጻፈ አልተሠራም» ብለው አስተማሪዎቻችን አስተምረውን ነበር፤ ግን ሥራ ይበዛል። አንድ ቀን ወረቀቴ ከሽርጤ ጋር ወደ ልብስ ማጠቢያ ሄደ። ሲነጋ ርክክብ ላይ ቆሜ ለማን ሰጥቼ ለማን እንዳልሰጠሁ በጭንቅላቴ ስፈልግ ላቤ ይወርድ ነበር። ዋናዋ ነርስ አልተቆጣችኝም። ይዛኝ በየአልጋው ዞረች፤ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ጠየቅን፤ ጠርሙሱንና ፍሬውን ቆጠርን። በመጨረሻ «እንዳትረሺ አልልሽም፤ ሰው ነሽ ትረሻለሽ። ግን እዚያው አልጋው አጠገብ ጻፊ» አለችኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቆሜ ነው የጻፍኩት።

ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ ያን ያህል ስጠነቀቅ የኖርኩ ሴትዮ ቤት ስገባ ለምን ተውኩት? ቤት ስለሆነ ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም «እንግባባለን» እንላለን። እናት ከአያት፣ አያት ከሞግዚት፣ ባል ከሚስት በዓይን የምንግባባ ይመስለናል። ልጅን ከእጅ ወደ እጅ ስናቀባብል ግን እሱም ፈረቃ ነው፤ እሱም ርክክብ ነው።

ተመልሰን በባቡሩ ስንሄድ ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ልጄ በመስኮት እያየች «እማዬ፣ እኔም መልሼ አልመታሁልሽም» አለችኝ። ደወሉን ማለቷ ነው። «እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታሁት» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ኩርፊያውም እዚያው ቀረ።

በማግሥቱ ማታ ልጄ ከፀጉሯ ላስቲኳን ፈታ የሽሮፑ ጠርሙስ አንገት ላይ አጠለቀችው። ደንባችን እንዲህ ሆነ፤ መድኃኒት የሰጠ ሰው ላስቲኩን ክዳኑ ላይ ያስገባል፤ ሌላው ሊከፍት ሲል እጁ ይነካዋል። ያኔ ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን ደብተር ያያል። ሰዓቱ ደርሶ ከሆነ ብቻ ላስቲኩን ያወልቃል።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ብትሞክሩት ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ ላስቲክ ነው። የምመክራችሁ ይህንን ነው።

አንደኛ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን እዚያው በሰጣችሁበት ቅጽበት ጻፉ። «በኋላ» አይባልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ሁለተኛ፣ ስታስረክቡ ስሙን ጠርታችሁ ተናገሩ፤ «ሰጥቼዋለሁ» ሳይሆን «ፓራሲታሞል ሰባት ተኩል ሚሊ ሊትር አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሰጥቼዋለሁ»። ተረካቢዋም የሰማችውን መልሳ ትበል። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ ትለምዱታላችሁ።

ሦስተኛ፣ ፓራሲታሞል ለልጆች ሲሰጥ በሁለቱ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይለፍ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አይብለጥ። መጠኑ በልጁ ክብደት ወይም ዕድሜ ነው። የሽሮፑ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያልና ጽሑፉን አንብቡ፤ በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በመጣው መለኪያ ስጡ። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርባችሁ እንዳትሰጡ።

አራተኛ፣ ተደጋግሞ ከተሰጠ «ልጁ ደህና ነው፣ ይጫወታል» ብላችሁ አትጠብቁ። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ማን ነው ጥፋተኛው የሚለው በኋላ ይደርሳል።

አያቶች፣ እኛም ከዚህ አንወጣም። የደም ግፊት ክኒኑን «ውጬ ይሆን?» ብለን የምንደግም፣ ኢንሱሊኑን ልጃችን ወግታን እኛም የምንወጋ አለን። ኢንሱሊን ከተደገመ ስኳሩ ወርዶ ራስን ያስታል። የእኛም ጠርሙስ ላስቲክ ያስፈልገዋል።

እነዚያ አዛውንት ስንሰናበታቸው ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። «መርሳት አልጀመሩም?» አልኳቸው ለቀልድ። ቀለበቱን ከዘንጉ አውልቀው ወደ ቦታው እየሰቀሉ «እኔማ ሁሌም እረሳለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው ይሄን የማጠልቀው» አሉኝ።

የሳምንት ሰው ይበለን። ሰላም ሰንብቱ።